ከደጅ ጥናት እስከ ፕሮፖዛል

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አንድ እሑድ ከወርሃዊው ስብሰባ በኋላ፣ የእድራችን ዳኛና ጸሐፊው ቤቴ ድረስ መጡ። «መምህር፣ መቼም እርስዎ የብዕር ሰው ነዎት፤ ፕሮፖዛል ይጻፉልን» አሉኝ። ነገሩ ጧሪ ያጡ አሥራ አንድ አረጋውያን ጎረቤቶቻችንን ለመርዳት ነው። ገንዘቡን የምንጠይቀው ደግሞ እዚሁ ከተማችን ካለ አንድ ፋውንዴሽን። እኔም ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ያለኝን ቃል ሁሉ አወጣሁ። ሰፈሩን የመከራ አገር፣ እድሩን ባዶ ካዝና አድርጌ ሣልኩት። ፋውንዴሽኑንማ ሰማይ አደረስኩት። ያነበበው ሁሉ ዓይኑ እንባ አቀረረ። መልሱ ግን ሁለት መስመር ነበር፤ አልተመረጣችሁም።

ቆይቼ ሳስበው፣ የጻፍኩት ፕሮፖዛል አልነበረም፤ ደጅ ጥናት ነበር።

ደጅ ጥናት በአገራችን ዕድሜ ጠገብ ነው። ሹመት የሚፈልገውም፣ ርስቱን የተነጠቀውም ከመኳንንቱና ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆም ነበር። የሚሰጠው ነገር ችሮታ ነውና፣ ደጅ ጠኚው ሰጪውን ማግነን፣ ራሱን ማሳነስ ነበረበት።

እድር ግን ከዚህ ደጅ አልተወለደም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከአዲስ አበባ ጋር አብሮ ያደገ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው «ዘመድ በሌለበት ከተማ ማን ይቀብረኛል?» ብሎ ያቆመው ነው። እዚያ ሰጪና ለማኝ የሚባል የለም። ዛሬ ድንኳን የተተከለለት ነገ ለሌላው ይተክላል፤ የቀረም ይቀጣል። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ለመንገድ ሥራ ሲደራጁም የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። መጀመሪያ ከራሳቸው አዋጡ፤ ከመንግሥት ጋር የተባበሩት የራሳቸውን ድርሻ ይዘው ነው።

ታዲያ በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 621 ወጣ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብትና በመሳሰሉት ጉዳዮች እንዳይሠራ ከለከለ። ዘጠና በመቶውን ከአገር ውስጥ አምጡ ማለት ነው። ብዙዎቹ ሥራቸውን አጠበቡ፤ ወይም ጭራሹን ቀየሩ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቶ ገደቡ ተነሥቷል፤ እሰየው። ግን በነዚያ ዓመታት አንድ ነገር ገሃድ ወጥቶ ነበር። አባል የሌለው ድርጅት የውጭው ደጅ ሲዘጋበት በአገሩ የሚያንኳኳው በር አጣ። አዋጁ የማይመለከተው እድር ግን በየወሩ መዋጮውን መሰብሰቡን ቀጠለ።

ወደ እኛ ሰፈር ልመለስ። በዓመቱ እንደገና ስናመለክት ጸሐፊው የእድሩን መዝገብ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። «መምህር፣ ዘንድሮ ይኼንን ይጻፉት» አለኝ። ስንት አባል አለን፣ በወር ስንት እናዋጣለን፣ ማን ዘገየ፣ ስንት ተቀጣ፣ ካዝናው ውስጥ ስንት አለ፤ ሁሉም ተጽፏል። ለአረጋውያኑ በያባሉ አሥር ብር ለመጨመር ወስነን፣ የጎደለውን ብቻ ጠየቅን። አንድም ቅጽል አልጨመርኩም። የጠየቅነውን ግማሽ ሰጡን።

ወሬው ሲሰማ አንድ አባል ተነሥቶ «እንግዲህ ብር ከተገኘ አሥር ብሯ ትቅር» አለ። አጨበጨቡለት! ዳኛው ጭብጨባው እስኪያባራ ጠበቁና፣ «ልጄ፣ እነሱ ለአንድ ዓመት ነው የሰጡን፤ አሮጊቶቹ የሚበሉት ለአንድ ዓመት ነው እንዴ?» አሉት። አሥር ብሯ አልቀረችም።

የፋውንዴሽኑ ገንዘብ እንደተባለው በዓመቱ አለቀ። ከአሥራ አንዱ አረጋውያን ሁለቱን ቀብረናል። ዘጠኙ ዛሬም ወር በገባ የሚደርሳቸው ከዚያችው ከአሥር ብሯ ነው።