መምህሩን ማን ያቆየዋል?

ዛሬ ከዴንቨር ተነስተን አገር ቤት ገጠር የሚያደርሰን ጉዳይ አለ።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2019፣ በእኛ የካቲት 4 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የዴንቨር መምህራን አድማ መቱ። ከ1994 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፤ ሦስት ቀን ቆየ። ጠቡ ደመወዝ አነሰ ብቻ አልነበረም፤ ፕሮኮምፕ በሚባለው የክፍያ ሥርዓትም ነበር። ይህን ሥርዓት በ2004 መምህራኑ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው ተቀብለውታል፤ በ2005 ደግሞ የከተማው መራጭ በዓመት 25 ሚሊዮን ዶላር ግብር ሊከፍልለት ተስማማ። የድሃ ልጆች በሚበዙበት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ተጨማሪ ቦነስ ያገኛል።

ሐሳቡ መልካም ነበር። ግን በየዓመቱ ከፍ ዝቅ በሚል ቦነስ ማን ቤት ይገዛል? አስተዳደሩ «ማበረታቻው ከቀነሰ ጥሩ መምህር ከድሃ ሠፈር ይሸሻል» የሚል ክርክር ነበረው። መምህራኑ ቋሚ ደመወዛችን ይደግ አሉ። በስምምነቱ ቋሚው ደመወዝ አደገ፤ ቦነሱም ጨርሶ አልቀረም።

ከዴንቨርና ከአውሮራ ወጣ ስትሉ ለቦነስ የሚሆን ገንዘብ እንኳ የሌለው ወረዳ ብዙ ነው። ከኮሎራዶ 178 የትምህርት ወረዳዎች ከግማሽ በላዩ በሳምንት አራት ቀን ያስተምራሉ። የገጠሩ ወረዳ ለመምህር በገንዘብ ፈንታ የሚሰጠው አንድ የዕረፍት ቀን ነው።

እኛስ? በንጉሡ ዘመን ማበረታቻ ሳይሆን ግዴታ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግል ነበር፤ አብዛኛው በመምህርነት። የገበሬውን ኑሮ በዓይኑ አየ፤ ዓመቱ ሲሞላ ግን ተመለሰ። ቋሚው መምህር እዚያው ቀረ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. አድማ የመታው ያ መምህር ነው፤ ስለ ደመወዙም፣ ሴክተር ሪቪው ስለተባለው የትምህርት ዕቅድም። (የካቲት መምህራንን የሚያስቀምጥ አይመስልም።) አብዮቱ የፈነዳው በዚያው ሰሞን ነው።

የበረሃ አበል የሚባል ክፍያም አለን። ስሙ እንደሚለው ለበረሃ ነው፤ መንገድ ያልገባበት ደጋ ላይ ያለው መምህር ከእሱ ምን ያገኛል?

እዚህ ዴንቨርና አውሮራ ያለን ሰዎች ለትውልድ ቀያችን ገንዘብ ስናሰባስብ መጀመሪያ የምናስበው የመማሪያ ክፍል ነው። ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፣ ፎቶውም ያምራል። መምህሩ የት እንደሚያድር ግን የሚጠይቅ የለም። በሚቀጥለው ስብሰባ ከክፍሎቹ አጠገብ ለመምህሩ ሁለት ክፍል ቤት እንሥራ የሚል ሰው ቢነሳ፣ እኔ እደግፈዋለሁ።