ሠላሳ አምስቱ ዙር፤ መረጃን ከዲስክ ላይ ስለ መደምሰስ

በኮምፒዩተር የተጻፈ ፋይል ተሰረዘ ሲባል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ፋይሉ ሳይሆን አድራሻው ነው። ሥርዓቱ ስሙን ከማውጫው ፍቆ ቦታው ነፃ መሆኑን ይመዘግባል፤ መረጃው ግን ሌላ ጽሑፍ እስኪያርፍበት ድረስ ባለበት ይቆያል። ይህስ ለባለሙያው አዲስ ነገር አይደለም። ብዙ ያከራከረው፣ ሌላ ከተጻፈበትስ በኋላ የቀድሞው ሊነበብ ይችላልን? የሚለው ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ስመ ጥር የሆነውን መልስ የሰጠው በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፒተር ጉትማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በካሊፎርኒያ፣ በሳን ሆዜ ከተማ በተካሄደ ጉባኤ ላይ ባቀረበው ጽሑፍ፣ የዲስኩ መጻፊያ ራስ ሁልጊዜ በዚያው መስመር ላይ በትክክል ስለማያርፍ የቀድሞው ጽሑፍ ርዝራዥ በጠርዙ ሊቀር እንደሚችል፣ ይህንንም የመግነጢስን ኃይል በሚመረምር ማይክሮስኮፕ ማየት እንደሚቻል አስረዳ። መፍትሔ ይሆን ዘንድም 35 ዙር ጽሑፍ ዘረዘረ፤ በመጀመሪያና በመጨረሻ አራት አራት ዙር የዘፈቀደ አኀዝ፣ በመካከሉ 27 የተመረጡ ቅርጾች። እነዚህ 27ቱ ለልዩ ልዩ የዲስክ ዐይነቶች የአጻጻፍ ስልት ተለይተው የተዘጋጁ ነበሩ፤ ስለሆነም አንድ ዲስክ ሁሉንም በአንድነት የሚፈልግበት ምክንያት አልነበረም።

ሰዉ ግን ምክንያቱን ትቶ ቁጥሩን ያዘ። የመደምሰሻ ፕሮግራም ሠሪዎች 35ቱን ዙር በየሥራቸው አስገቡ፤ ጥንቃቄውም በዙር ብዛት የሚለካ መሰለ። ጉትማን ራሱ ኋላ በጨመረው ማብራሪያ ስልቱ እንደ ድግምት መቆጠሩን ነቅፎ፣ ለአዳዲስ ዲስኮች ጥቂት ዙር የዘፈቀደ አኀዝ እንደሚበቃ ጻፈ።

ባለሙያው ስለ ማይክሮስኮፕ ሲከራከር፣ ምሥጢሩ በአሮጌ ዕቃ ገበያ ይሸጥ ነበር። ሲምሶን ጋርፊንከልና አቢ ሸላት የተባሉ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች ከ2000 እስከ 2002 ድረስ 158 ያገለገሉ ዲስኮች ገዝተው መረመሩ። ከሚሠሩት 129 ዲስኮች መካከል በሚገባ የጸዱት 12 ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ውስጥ የዱቤ ካርድ ቁጥሮች፣ የሕክምና ጉዳዮች፣ የግል ደብዳቤዎች ተገኙ፤ አንዱ ዲስክ እንዲያውም ከባንክ የገንዘብ መክፈያ ማሽን የወጣ ነበር። በእኔ ግምት ከ35ቱ ዙር ይልቅ ይህ ምርመራ ሊታወስ በተገባው ነበር፤ አንዲት ዙር እንኳ ብትደረግ ያ ሁሉ ገመና ባልወጣ ነበርና።

የሚሽከረከር ሰሌዳ የሌላቸው ዲስኮች ሲመጡ ነገሩ እንደ ገና ተለወጠ። በእነዚህ ላይ አዲሱ ጽሑፍ በአሮጌው ቦታ አያርፍም፤ መቆጣጠሪያው ወደ ሌላ ሕዋስ ይወስደዋል፤ አሮጌውም ለጊዜው ይቀራል። በ2011 የሳንዲያጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዲስኮቹ ውስጥ የተሠራውን የመደምሰሻ ትእዛዝ ቢፈትኑ፣ አንዱ ዲስክ ሥራውን ፈጸምሁ ብሎ ሲያበቃ መረጃው ሳይነካ ተገኘ። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2014 ያሻሻለው መመሪያ፣ በምሥጢር ቁልፍ የተቈለፈን ዲስክ ቁልፉን በማጥፋት መደምሰስንም ይቀበላል፤ ይህ የሚሠራው ግን መረጃው ገና ሲጻፍ ጀምሮ ተመሥጥሮ የነበረ እንደሆነ ነው። ሳይመሠጠር ሲያገለግል ኖሮ ትእዛዝ ለማይቀበል ዲስክ የሚቀረው መፍጨት ነው።