መጽሐፍ ሁሉ አንድ ቀን አዲስ ነበር



ፊደል ቆጥሮ የጨረሰ ሰው አስተማሪውን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። «እሺ፣ ማንበብ ቻልኩ። አሁን ምን ላንብብ?» ይላል። ይህ ቀላል ጥያቄ አይምሰላችሁ። ማረሻ ካልታረሰበት ይዝጋል። ፊደልም ካልተነበበበት ይጠፋል። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። እየሰፋ ሄዶም በ15 ቋንቋዎች ትምህርት ተሰጠ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ፊደል ለዩ። ነገር ግን ከተማሩ በኋላ የሚነበብ ነገር በእጃቸው ያልገባ ሰዎች የተማሩትን መልሰው ረሱ። ስለዚህ «ምን ላንብብ?» ማለት «የተማርኩትን በምን ላቆየው?» ማለት ነው።

ታዲያ አዲስ መጽሐፍ የሚባለው የትኛው ነው? ዘንድሮ የታተመው ብቻ ነው? አይደለም። ያላነበባችሁት መጽሐፍ ሁሉ ለእናንተ አዲስ ነው። ዛሬ አሮጌ የምንለውም አንድ ቀን አዲስ ነበር። ሰው ተገርሞበታል፤ አንዳንዱም ተቆጥቶበታል። እስቲ አራት መጻሕፍትን እንመልከት። በወጡበት ጊዜ ምን አዲስ ነገር እንዳመጡ እንይ።

በመጀመሪያ፣ ድሮ መጽሐፍ የሚጻፈው በእጅ እንደ ነበር እናስታውስ። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይፋቅና ብራና ይሆናል። ቁም ጸሐፊው ጥቁርና ቀይ ቀለም በጥብጦ፣ የመቃ ብዕሩን ቀርጾ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ይጽፋል። አንድ ዳዊት ተጽፎ እስኪያልቅ ብዙ ቆዳና ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ መጽሐፍ ውድ ነበር። በቤተ ክርስቲያን፣ በገዳም ወይም በትልቅ ሰው ቤት እንጂ በገበሬ ጎጆ አይገኝም። ገበሬው ሲነበብ ይሰማል እንጂ ራሱ አያነብም። የተነበበለት በትክክል ይሁን አይሁን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ማተሚያ ይህን ለወጠው። በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው። የታተመውም በ1505 ዓ.ም. በሮም ከተማ ነው። ከዚያ 395 ዓመት ቆይቶ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ እዚያው ሮም ሌላ መጽሐፍ ታተመ። ይህኛው ጸሎት አልነበረም፤ ገድልም አልነበረም። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የጻፉት «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ዛሬ «ጦቢያ» በሚለው ስም ይታወቃል። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ እየተባለ የሚጠራው ይህ መጽሐፍ ነው።

ታሪኩ የጦርነት፣ የስደትና የፍቅር ታሪክ ነው። ጦቢያ የምትባለው ልጅ እንደ ወንድ ለብሳ፣ ከአባቷ ጋር የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። መጽሐፉ ትንሽ ነው። በጥቂት ምሽቶች ያልቃል።

ምናልባት «ያልሆነ ነገር ማንበብ ምን ይጠቅማል? ውሸት አይደለም ወይ?» የሚል ሰው ይኖራል። እስቲ እናስብ። አያቶቻችን ጅብና አህያ ሲነጋገሩ እያሉ ተረት ሲነግሩን ዋሹ እንላለን? አንልም። ተረቱ ሆኖ የማያውቅ ነገር ቢሆንም ስለ ሞኝነትና ስለ ክፋት እውነት ይነግረናል። ልብ ወለድም እንደዚያው ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ልብ የወለደው ማለት ነው። ውሸታም ሰው ሊያታልለን ይፈልጋል። ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን «ይህ ከልቤ የወለድኩት ነው» ብሎ አስቀድሞ ነግሮናል።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ከ1928 ዓ.ም. በኋላ፣ ጣልያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ ከወራሪው ጋር ወገኑ። ይህ የታወቀ ታሪክ ነው። መጽሐፋቸው ግን እስከ ዛሬ ይነበባል። ሰውየውንና መጽሐፉን ለየብቻ መመዘን የአንባቢ ሥራ ነው። ሚዛኑ በእጃችሁ ነው።

ሁለተኛው መጽሐፍ ልብ ወለድ አይደለም። ስለ እውነተኛው ኑሯችን የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይባላሉ። የዐድዋ አካባቢ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው አውሮፓ ደርሰው እዚያ ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም በድሬዳዋ የጉምሩክ ኃላፊ ሆነው ሠሩ። በዚያ ሥራ ላይ ከአገር የሚወጣውንና ወደ አገር የሚገባውን ዕቃ በዓይናቸው ያዩ ነበር። ቆዳና ቡና ይወጣል፤ የተሠራ ዕቃ ይገባል። ይህ ንግድ ማንን ያበለጽጋል? ማንንስ ያደኸያል? ሀብት ከየት ይመጣል? ብለው መረመሩ። መልሳቸውም ሀብት የሚመጣው ከሥራና ከዕውቀት ነው የሚል ነበር።

ነጋድራስ በ1911 ዓ.ም. ገና በጎልማሳነታቸው ሞቱ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ነበር። ልብ በሉ፣ ስለ ገበሬው ድካም የሚናገር መጽሐፍ ታትሞ ተቀምጦ ገበሬው ሊያነበው አልቻለም። ሳይነበብ የተቀመጠ መጽሐፍ አፉን እንደ ታሰረ ሰው ነው። የሚናገረው አለው፤ የሚሰማው ግን የለም። እናንተ ዛሬ ገልጣችሁ ስታነቡት ያ አፍ ይፈታል።

ቋንቋው የድሮ ስለሆነ ትንሽ ይከብዳል። አንድ ገጽ በቀን ይበቃል። ደግሞም መጽሐፉ ያለውን ሁሉ እሺ ብላችሁ መቀበል የለባችሁም። የታተመ ሁሉ እውነት አይደለም። «ይህ በእኛ ገበያ ይሠራል ወይ?» እያላችሁ ከምታውቁት ጋር አስተያዩት።

ሦስተኛውን ብዙዎቻችሁ በስም ታውቁታላችሁ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ደራሲው የጎጃም ሰው ናቸው። በ1996 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ሌሎች መጻሕፍትም ጽፈዋል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ የሚባሉ ባላባት አሉ። በዘራቸው እጅግ ይኮራሉ። ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል አጡ። በዛብህ የሚባል የድኻ ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ፣ ሰብለን እንዲያስተምር ወደ ቤታቸው ገባ። ፍቅሩም በትምህርቱ መካከል ተጀመረ። ያን የዘር ኩራት የሚነቅፈውን ጉዱ ካሳ አሉት። ጉዱ ያሉት እውነት ስለ ተናገረ ነው።

ይህ መጽሐፍ ምን አዲስ ነገር አመጣ? የገበሬውን ኑሮ፣ የባላባቱን ግብር፣ የካህኑን ቤት፣ የሴት ልጅን ዕጣ በአንድ ላይ አሳየ። ሰው በየመንደሩ የሚያውቀውን ነገር በመጽሐፍ ውስጥ አገኘው። ሬዲዮም ረዳው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። ፊደል የማያውቁ ሰዎች እንኳ በሬዲዮ ሰምተው ስለ ሰብለና ስለ በዛብህ አዝነዋል። ታዲያ የሰማችሁትን መልሳችሁ ብታነቡት ምን ትጠቀማላችሁ? በጣም ትጠቀማላችሁ። ሬዲዮ ሲናገር አቁም አይባልም። መጽሐፍ ግን ይቆማል። አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ ማንበብ ትችላላችሁ። ጉዱ ካሳ የተናገረውን ደግማችሁ ታመዛዝናላችሁ። መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ ግን አይስፈራችሁ። ታሪኩን የምታውቁት ከሆነ ንባቡ ይቀላል።

አራተኛው «ኦሮማይ» ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን «አበቃ፣ አከተመ» እንደ ማለት ነው። ደራሲው ጋዜጠኛው በዓሉ ግርማ ነው። መጽሐፉ በ1974 ዓ.ም. አስመራ ላይ ስለ ተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የሚያወራ ልብ ወለድ ነው። ደራሲው የዘመኑን ባለ ሥልጣናት ሥራ በቅርብ ያውቅ ነበር። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. እንደ ወጣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም።

መጽሐፉ ግን አልጠፋም። ሰዎች ደብቀው ያዙት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተነበበ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ እንደገና ታተመ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር ወጣ። ከዚህ ምን እንማራለን? መጽሐፍን በሕይወት የሚያቆየው አንባቢ ነው። ጸሐፊው የሚከፍለው ዋጋ ከባድ ሊሆን ይችላል። የአንባቢው ዋጋ አንድ ነው፤ ገልጦ ማንበብ።

ውድ አንባቢዎች፣ አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጽሐፍ ስትመርጡ ሽፋኑን ብቻ አትዩ። መጀመሪያ ስሙን፣ የጸሐፊውን ስምና የታተመበትን ዓመት አንብቡ። ቀጥሎ መካከሉን ገልጣችሁ አንድ ገጽ ቀስ ብላችሁ ሞክሩ። በየመስመሩ የማታውቁት ቃል ካለ ለጊዜው ተዉት፤ ሌላ ቀለል ያለ ፈልጉ። ማፈር አያስፈልግም። ከስድስት ወር በኋላ ትመለሱበታላችሁ። ልብ ወለድ አንድ ካነበባችሁ ቀጥሎ ስለ ጤና፣ ስለ እርሻ ወይም ስለ ታሪክ የተጻፈ አንድ አንብቡ። እንጀራ ያለ ወጥ አይበላም፤ ወጥም ያለ እንጀራ አይበላም።

መግዣ ከሌላችሁ በአካባቢያችሁ ያለውን የትምህርት ቤት ወይም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። አዲስ አበባ ያላችሁ ወመዘክር የሚባለውን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተውንም አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሂዳችሁ እዩ። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡም ግዙ። ሁለት ሦስት ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ አንድ መጽሐፍ ቢገዛስ? ቡና ሲፈላ አንዱ ያነብባል፣ ሌላው ይሰማል፤ ነገ ደግሞ የሰማው ያነብባል።

ከእንግዲህ «መጽሐፍ እንዲህ ይላል» የሚል ሰው ቢመጣ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። «የትኛው መጽሐፍ? የትኛው ገጽ? እስቲ አምጣው፣ ራሴ ልየው» በሉት። አባቶቻችን ይህን ማለት አልቻሉም ነበር። እናንተ ትችላላችሁ።

በሉ፣ በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።