የስልክ ሽቦና ባለቤቶቹ

«ስልክ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የተገኘ ሲሆን፥ ትርጉሙ ሽቦ ማለት ነው። ዛሬ በደብረ ማርቆስ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ ሴት ከመቀነቷ ፈትታ የምታወጣው መሣሪያ አንድ ክንድ ሽቦ እንኳ የለውም፤ ነገር ግን ስሙ እንደ ጥንቱ ስልክ ነው። ሽቦው ሄዶ ስሙ እንደ ቀረ ሁሉ፥ ከሽቦው ጋራ ወደ አገራችን የገባ አንድ ጥያቄም እስከ ዛሬ ድረስ አብሮን አለ። ይኸውም የመስመሩ ባለቤት ማን ነው? መስመሩ በተቋረጠ ጊዜስ ባለቤቱ ለማን መልስ ይሰጣል? የሚለው ነው።

ስለ ስልክና ስለ ኢንተርኔት ኩባንያዎች በየቡና ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰነዘረው አስተያየት ብዙ ነው። አንዱ ዋጋውን ሲነቅፍ ሌላው ፍጥነቱን ያማርራል፤ አንዱ የመንግሥቱን ድርጅት ሲያመሰግን ሌላው ከውጭ የመጣውን ኩባንያ ያወድሳል። ክርክሩ ትናንት የተጀመረ ይመስለናል እንጂ ሥሩ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ነው።

ጎጃምን ዐባይ ከሦስት ወገን ከቦ እንደ ደሴት እንዳደረገው የታወቀ ነው። ቀድሞ ምንቆረር እየተባለች ትጠራ የነበረችውና በኋላ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም የተሰየመችው ደብረ ማርቆስ፥ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዛሬ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው መኪና ይህን መንገድ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ይፈጽመዋል። በዚያ ዘመን ግን ደብዳቤ በተሰነጠቀ ዘንግ ላይ ሰክቶ የሚሄደው መልእክተኛ፥ በረሓውን በእግሩ ወርዶ ወንዙን ከተሻገረ በኋላ እንደ ገና ሽቅብ መውጣት ነበረበት። ክረምት ገብቶ ዐባይ በሞላ ጊዜማ የመልእክተኛው ዕድል ከዳር ተቀምጦ ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ ነው። እንግዲህ ከገደሉ በላይ ቃልን የሚያሻግር ነገር ለጎጃም ሰው የቅንጦት ዕቃ አልነበረም፤ አባት መሞቱን፥ ግብር መጨመሩን፥ ሹም መሻሩን በወቅቱ መስማትና ከወር በኋላ መስማት የሚለዩበት ነገር ነበረ።

በኢትዮጵያ የስልክ ታሪክ የሚጀመረው ከ1886 ዓ.ም. ነው። ራስ መኰንን ከኢጣልያ ጉዟቸው ሲመለሱ የስልክ መሣሪያ ይዘው እንደ መጡ፥ ቀሳውስትም ያለ አካል የሚናገረውን ድምፅ ሰምተው የሰይጣን ሥራ ነው በማለት እንደ ተቃወሙ፥ ዐፄ ምኒልክ ግን መሣሪያውን እንዳላስወጡ ይነገራል። ይህ ተረት ይሁን እውነት፥ ሰው ሁሉ ደጋግሞ የሚያወራው ይህንኑ ነው። እኛ ግን ከሰይጣኑ ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ነው። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የስልክና የቴሌግራም መስመር በፈረንሳውያን ባለሙያዎች ተዘረጋ። አዲስ አበባን ከአሥመራ ጋራ የሚያገናኘውን መስመር ደግሞ፥ በዐድዋ ድል ከሆነች ብዙ ዓመት ሳይቆይ፥ ኢጣልያ ሠራችው። ስለዚህ የንጉሠ ነገሥቱ ቃል ወደ ምሥራቅ ሲሄድ በፈረንሳይ፥ ወደ ሰሜን ሲሄድ በኢጣልያ እጅ በተሠራ ሽቦ ያልፍ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ይህን ነገር ሳያስተውሉት ቀርተዋል ማለት ዘበት ነው። ገንዘቡም ባለሙያውም በሌለበት አገር ሽቦ ለመዘርጋት ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ሆኖም መስመሩን የሠራው ሰው መስመሩን የሚሰማው ሰው ሊሆን እንደሚችል ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው።

ያ የመጀመሪያው ሽቦ ዕድሜው አስቸጋሪ ነበር። ምሰሶው እንጨት በመሆኑ ምስጥ ይበላዋል፤ ዝሆን እየታከከ ይጥለዋል፤ ሽቦውንም ለአንባር የሚቆርጠው ሰው አልታጣም። በየጣቢያው የተቀመጠው ስልከኛ የሩቁን ድምፅ ለመስማት እየጮኸ፥ የሰማውንም እየደገመ ቃል በቃል ይጽፋል። የስልኩ ተጠቃሚ ግን ባላገሩ አልነበረም። ቤተ መንግሥቱ ከየግዛቱ ሹም ጋራ ይነጋገርበታል፤ ነጋዴውም ከወደቡ ዋጋ ይጠይቅበታል። ስልክ በኢትዮጵያ በመጀመሪያ የትእዛዝ መሣሪያ ሆኖ ገብቶ፥ የሕዝብ መነጋገሪያ የሆነው በጣም ዘግይቶ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን።

አገራችን በ1924 ዓ.ም. ወደ ዓለም አቀፉ የቴሌግራም ማኅበር ገባች። ከዚያ የጠላት ወረራ መጣ፤ ከነፃነት በኋላም የተበላሸውን መስመር መጠገን ግድ ሆነ። ለዚሁ ሥራ በየካቲት 1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ 1.5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። ባንኩ ብድሩን ሲሰጥ የስልኩ ሥራ ከሚኒስቴር ተለይቶ፥ ገቢውንና ወጪውን ራሱ የሚያውቅ ድርጅት እንዲሆን ፈልጎ ነበርና፥ በ1945 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በአዋጅ ተቋቋመ። በእኛ አስተያየት ከዚህ በፊትም ከዚህም በኋላ በዚህ መስክ ከተደረጉት ለውጦች ሁሉ ይኸኛው ታላቁ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ የሚደውል ሰው ባለጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ደንበኛ ሆኗልና። ባለጉዳይ ደጅ ይጠናል፤ ደንበኛ ግን ሒሳቡን ከፍሎ ዕቃውን ይጠይቃል። በሕግ ደረጃ እንዲህ ነው፤ በተግባር ግን ደጅ መጥናቱ ወዲያው አልቀረም።

በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ በክፍለ ሀገር ከተማ ያደገ ሰው ሁሉ የቴሌን ቤት ያስታውሳል። ከአዲስ አበባ ዘመድ ሲፈልግህ በመጀመሪያ የጥሪ ወረቀት ይደርስሃል፤ በተባለው ሰዓት ሄደህ ከወንበሩ ላይ ትቀመጣለህ፤ ስምህ ሲጠራ ጠባቧ ክፍል ገብተህ ትጮኻለህ። ያንተን የቤት ምስጢር ውጭ የተቀመጠው ወረፈኛ በሙሉ ይሰማዋል። ቢሆንም በዚያ ወንበር ላይ የማውቀው አንድ ልማድ ነበረ፤ ስልከኛዋ መስመሩ የተቋረጠው የት ላይ እንደ ሆነና መቼ እንደሚጠገን ስትጠየቅ የምታውቀውን ያህል ትናገር ነበር። ደንበኛው ይቈጣል፥ እርሷም ትመልሳለች። ባለቤቱ ሩቅ ቢሆንም መልስ የሚሰጥ ፊት በከተማው ውስጥ ነበረ።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የድርጅቱ ስም ብዙ ጊዜ ተለወጠ። አገልግሎት ተባለ፥ ባለሥልጣን ተባለ፥ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን፥ በኅዳር 2003 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ፤ በዚህ በመጨረሻው ጊዜ አስተዳደሩ ለተወሰነ ዘመን ለፈረንሳዩ ፍራንስ ቴሌኮም በውል ተሰጥቶ ነበር። ሕዝቡ ግን ለዚህ ሁሉ ስም ግድ ሳይኖረው «ቴሌ» ብሎ ጠርቶታል፥ ዛሬም የሚጠራው እንዲሁ ነው። ስም ሲለዋወጥ ባለቤቱ አንድ፥ ደንበኛውም ምርጫ የሌለው ሆኖ መቆየቱን ይህ አጠራር በደንብ ይገልጸዋል።

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በዚሁ በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን በኩል ጥቂት ሰዎች የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ይላላኩ ነበር። አገልግሎቱን ለግል ድርጅቶች ከመስጠት ይልቅ ለአንዱ ኮርፖሬሽን መስጠት ተመረጠ። በ1991 ዓ.ም. የሞባይል ስልክ በአዲስ አበባ ተጀመረ። መስመሩን በመላ አገሪቱ ለማስፋፋት በ1999 ዓ.ም. ከቻይናው ዜድ ቲ ኢ ኩባንያ ጋራ የ1.5 ቢሊዮን ዶላር፥ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ከሁዋዌና ከዜድ ቲ ኢ ጋራ እያንዳንዳቸው 800 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጡ ውሎች ተፈረሙ። የምኒልክን ሽቦ ፈረንሳይና ኢጣልያ እንደ ዘረጉት፥ የዛሬውን ምሰሶ ቻይና ተከለችው። በዚህ ማንም ሊያፍር አይገባም፤ ገበሬው የሞባይል ስልክ የያዘው በእነዚህ ውሎች ነውና።

ስለ መሣሪያው ራሱም ጥቂት መናገር ተገቢ ነው። ቴክኖ የተባለው የቻይና ኩባንያ በ2003 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ የስልክ መገጣጠሚያ ፋብሪካ አቋቁሞ፥ በአማርኛ ፊደል የሚጻፍበትን ስልክ ለገበያ አቀረበ። የአውሮፓና የአሜሪካ ታላላቅ ኩባንያዎች ፊደላችንን ቸል ባሉበት ጊዜ፥ የእንግሊዝኛ ፊደል ያልተማረው የጎጃም ገበሬ የልጁን ስም በገዛ ፊደሉ መዝግቦ ለማየት የበቃው በዚህ ርካሽ ስልክ ነው። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የግእዝን ፊደል በ1991/92 ዓ.ም. ባይቀበለው ኖሮም ይህ ባልሆነ ነበር። የሚያስቀው ነገር፥ ያ ስልክ የሁለት ኩባንያ ቁጥር የሚገባበት ሁለት ቦታ ነበረው፤ በአገሩ ያለው ኩባንያ ግን አንድ ብቻ! ሁለተኛው ቦታ ባዶውን ይቀመጥ ነበር፥ ወይም የዚያው የቴሌ ሌላ ቁጥር ይገባበት ነበር።

ብቸኛ ባለቤትነት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ሁለት ነገሮች ያሳያሉ። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት ለሁለት ዓመት ያህል በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ቆየ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም የድምፅ ጥሪን ዋጋ 40 በመቶ፥ የሞባይል ኢንተርኔትን 43 በመቶ በአንድ ጊዜ ቀነሰ። የዋጋው መቀነስ ሁሉን አስደሰተ፤ እኛንም አስደስቶናል። ነገር ግን በአንድ ቀን ይህን ያህል ሊቀንስ የሚችል ዋጋ ከዚያ በፊት ለምን ያህል ጊዜ ከሚገባው በላይ ሲከፈል ኖረ? ብሎ መጠየቅም የደንበኛ መብት ነው።

ሌላ ኩባንያ ይግባ የሚለው አሳብ የበረታው በዚህ ጊዜ ነው። በጎረቤታችን በኬንያ ሳፋሪኮም በ1999 ዓ.ም. ኤም ፔሳ የተባለውን በስልክ ገንዘብ መላኪያ ጀምሮ አገሩን ሲለውጥ እኛ ከሩቅ እናይ ነበር። ለዘመናት የአሜሪካን ስልክ ለብቻው ይዞ የነበረው ኩባንያም በ1976 ዓ.ም. ተከፋፍሎ ነበር። በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 በሩ ተከፈተ፤ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ተቋቋመ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌ ብር ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ወር በሳፋሪኮም የሚመራው ማኅበር 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ አገኘ። መጀመሪያ በድሬዳዋ ሙከራ ካደረገ በኋላ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን አስመረቀ። ከ120 ዓመት በላይ አንድ የነበረው በር ሁለት ሆነ፤ የስልኩም ባዶ ቦታ ሥራ አገኘ።

ከዚህ ላይ ወደ ደብረ ማርቆስ እንመለስ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ፥ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ምክንያት፥ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆየ። የኬንያው ኤም ፔሳ በኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው በተከታዩ በነሐሴ ወር መሆኑን ልብ ይሏል። በአዲስ አበባ ሰዎች ከሁለቱ ኩባንያዎች የትኛው እንደሚሻል ሲያወዳድሩ፥ በጎጃም የኩባንያው ቁጥር አንድም ቢሆን ሁለትም ቢሆን ለውጥ አልነበረውም። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር በጀመረው በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ፥ በውጭ አገር ለትምህርት ዕድል የሚያመለክት መምህር፥ ከአሜሪካ ልጇ የሚልክላትን ድምፅ የምትጠብቅ እናት፥ ሁሉም ያው ከዐባይ ዳር ተቀምጦ ውሃው እስኪጎድል እንደሚጠብቀው እንደ ጥንቱ መልእክተኛ ሆኑ።

የጸጥታ ችግር በደረሰ ጊዜ መንግሥት መስመር ሊዘጋ ይገባዋል የሚሉ አሉ፤ አይገባውም የሚሉም አሉ። ክርክሩ ሰፊ ስለ ሆነ በዚህ ጽሑፍ አንዘልቀውም። እኛን የሚያሳስበን ግን መዘጋቱ በማን ትእዛዝ፥ ለምን ያህል ጊዜ፥ የከፈለው ደንበኛስ ምን እንደሚካስ ተጽፎ የሚነገርበት ወግ አለመኖሩ ነው። መስመሩ በመጀመሪያ የትእዛዝ መሣሪያ ሆኖ መግባቱን በልባችን እንያዝ ብለን የነበረው ለዚህ ነው። ባለቤቱ በዛም አነሰም፥ ያ የመጀመሪያ ጠባዩ አሁንም ከላዩ አልለቀቀም።

በዚህ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት የሚሰማ አንድ አዲስ ቃል አለ፤ «ሲስተም የለም» ይባላል። ከገጠር ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የመጣ ሽማግሌ ይህን ሲሰማ፥ ሲስተም ማለት ወደ ሌላ ቦታ የሄደ ሹም እየመሰለው «መቼ ይመለሳል?» ብሎ ሲጠይቅ ከአጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። ወጣቱ ጸሐፊ ሳቀ። ሽማግሌው ግን የጠየቁት ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር፤ የድሮዋ ስልከኛ ብትኖር የምታውቀውን ያህል ትመልስላቸው ነበር። አሁን አቤቱታ ያለው ደንበኛ በሕግ የተሰጠው መንገድ፥ በመጀመሪያ ለኩባንያው፥ ኩባንያው ካልመለሰለትም አዲስ አበባ ለሚገኘው ለባለሥልጣኑ ማመልከት ነው። ለኩባንያው የሚያመለክተው በአጭር ቁጥር ደውሎ ነው፤ መደወያው ደግሞ ያው ተቋረጠብኝ የሚለው መስመር ነው።