የዝናብ መጥረጊያው ክርክር፥ ኪርንስና የዲትሮይት ኩባንያዎች

አንድ ፈጠራ አዲስ የሚባለው ክፍሎቹ አዲስ ሲሆኑ ነውን፥ ወይስ አቀነባበሩ? ጥያቄው ሲያዩት የሕግ ሊቃውንት ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን በአሜሪካ የአንድ መሐንዲስን ዕድሜ ፈጅቷል። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።)

ሮበርት ኪርንስ በዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና መምህር ነበረ። በ1953 በሠርጉ ሌሊት የሻምፓኝ ጠርሙስ ቡሽ ተስፈንጥሮ ግራ ዐይኑን አጠፋው። በኋላም የዐይን ቆብ ጥቂት እየቈየ ሲከደን፥ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ስለ ምን በካፊያ ጊዜ እንኳ ያለ ዕረፍት መስተዋቱን እንደሚፍቅ ማሰብ ጀመረ።

ያገኘው መልስ ለላቦራቶሪ ተማሪ እንግዳ አይደለም። ካፓሲተር፥ የጋራዥ ሰዎች ኮንደንሰር የሚሉት፥ በሬዚስተር በኩል ቀስ እያለ ይሞላል፤ ቮልቴጁ ከተወሰነ ደረጃ ሲደርስ ትራንዚስተሩ ይከፍትና ሞተሩ መጥረጊያውን አንድ ጊዜ ያመላልሰዋል፤ ከዚያ ካፓሲተሩ ተራግፎ እንደ ገና መሙላት ይጀምራል። ለምሳሌ የ5 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ1 ሚሊዮን ኦም ሬዚስተር በኩል የምንጩን ቮልቴጅ 63 ከመቶ ያህል ለመድረስ 5 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ነጂው ሬዚስተሩን ቢለዋውጥ ዕረፍቱ ይረዝማል፥ ያጥራልም።

ኪርንስ መሣሪያውን በ1963 ለፎርድ ኩባንያ አሳየ፤ ፓተንቱንም በ1967 ተቀበለ። ፎርድ ግን ከእርሱ ጋር ሳይዋዋል በ1969 ይህን መሰል መጥረጊያ ለገበያ አወጣ። በ1976 ኪርንስ የአንድ ጀርመን ሠራሽ መኪናን መቈጣጠሪያ ፈትቶ ቢመረምር ከራሱ ሰርኪት ጋር እጅግ የሚመሳሰል ሆኖ አገኘው። በ1978 ፎርድን፥ ቀጥሎም ክራይስለርን ከሰሰ።

የፎርድ ዋና መከራከሪያ ክፍሎቹ ሁሉ ቀድሞ የታወቁ ናቸው የሚል ነበር። በእርግጥ የ1952 የአሜሪካ ፓተንት ሕግ ለባለሙያ ግልጽ የሆነውን ነገር አይጠብቅም። ሆኖም ሕጉ የሚጠይቀው ስለ ፈጠራው ጠቅላላ ይዘት እንጂ ስለ እያንዳንዱ ክፍል አይደለምና፥ ክርክሩ በእኛ አስተያየት ደካማ ነው። በርበሬውም ሽንኵርቱም በየቤቱ አለ፤ ወጥ ሠሪ ሁሉ ግን አንድ አይደለም።

በ1990 ጁሪው ፎርድ ፓተንቱን መጣሱን፥ ነገር ግን ሆን ብሎ አለመጣሱን ወሰነ፤ ኩባንያውም 10.2 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ክራይስለርም ከወለዱ ጋር 30 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተፈረደበት፤ የበላይ ፍርድ ቤቱም በ1995 ይግባኙን ሳይቀበል ቀረ።

ብዙዎች ይህን እንደ ድል ይተርኩታል። እኛ ግን ቀኑን እንቈጥራለን። በዚያ ዘመን ፓተንት ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ የሚጸናው ለ17 ዓመት ነበር፤ ስለዚህ የ1967ቱ ፓተንት ፍርዱ ከመሰጠቱ 6 ዓመት ቀድሞ፥ በ1984 አልቆ ነበር። ኪርንስ ከገንዘቡ ይልቅ የፈለገው መጥረጊያውን ራሱ በፋብሪካ መሥራት ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን ያለፈውን በገንዘብ ከመካስ በቀር ጊዜው ባለፈበት ፓተንት ሌሎችን ከሥራ ሊከለክልለት አይችልም። በቀሩት ኩባንያዎች ላይ ያቀረባቸው ክሶችም፥ ያለ ጠበቃ ራሱ ይከራከር ስለ ነበረ፥ ሰነድ የማስገቢያው ቀን እያለፈበት ተዘጉ። በ2005 ሞተ።