ውሻ ከጌታው የሚሻው

ሰው ለውሻ ሥራ ከሰጠው ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ውሻ ከሰው ምን እንደሚሻ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ከጅብና ከሌባ ጠብቀን እንለዋለን፤ እርሱም ጠብቆን ያድራል። ስለ ደመወዙ ግን ውል አልተጻፈለትም። አንደበት ያለው ሎሌ ጌታውን ከዳኛ ፊት ያቆመዋል፤ አንደበት የሌለው ሎሌ ግን ከጌታው ኅሊና በቀር ዳኛ የለውም። ስለዚህ የዚህን ሎሌ ነገር ከታሪክ ጋራ አያይዤ ጥቂት ልናገር።

ውሻና ሰው የተወዳጁት እህል መዘራት ከመጀመሩ በፊት ነው። በጀርመን አገር በቦን ከተማ፣ ኦበርካሰል በሚባል ስፍራ፣ እ.ኤ.አ. በ1914 አንድ መቃብር ተገኘ፤ ዕድሜውም 14,000 ዓመት ያህል ነው። በውስጡ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ዐፅም፣ ከእነርሱም ጋራ የአንድ ቡችላ ዐፅም ነበረ። ሊቃውንት ጥርሱን መርምረው፣ ቡችላው በክፉ በሽታ ተይዞ ለሳምንታት በሕይወት እንደ ቆየ እ.ኤ.አ. በ2018 ገለጹ። የሚያጠጣውና የሚያሞቀው ሰው ባይኖር ኖሮ ፈጥኖ በሞተ ነበር። የታመመ ቡችላ ለአደንም ለጥበቃም አይረባም፤ ሆኖም አስታመሙት። እንግዲህ የሰውና የውሻ ውል በጥቅም ብቻ የተመሠረተ አልነበረም።

በእኛም አገር ውሻ ከእረኛ ጋራ ይውላል፣ ከደጅም ያድራል። የቀበና ሰው ይህን ያውቀዋል። ወንዙ ከእንጦጦ ወርዶ በሠፈሩ ያልፋልና፣ ሌሊት ጅብ ሲጮኽ ውሾች ከየግቢው ሲመልሱለት እሰማለሁ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ሉሉ ደግሞ ከንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ ሆኖ በፎቶግራፍ ይታያል። የሉሉና የደጅ ጠባቂው ውሻ ዕድል የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቅም ፍላጎታቸው አንድ ነው።

ፍላጎቱስ ምንድን ነው? መጀመሪያ ምግብ በሰዓቱ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ከዝናብና ከፀሐይ የሚጠለልበት ጥግ ነው። ሁለተኛው ባልንጀራ ነው። ውሻ የተኩላ ዘር ነውና ብቻውን ለመኖር አልተፈጠረም። አንዳንዱ ሰው ውሻው ኃይለኛ እንዲሆንለት ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ያስረዋል፤ በዚህ የሚያተርፈው ግን ፍርሃትን እንጂ ታማኝነትን አይደለም። የፈራ ውሻ ደግሞ ሌባውንና የጎረቤቱን ልጅ አይለይም።

ሦስተኛው መታወቅ ነው። ውሻ ጭራውን ሲወዘውዝ ሁልጊዜ ደስ ብሎት አይደለም፤ ጭራውን በእግሮቹ መካከል ሲሸጉጥ ግን ፈርቷል። ጆሮውን ጥሎ ዐይኑን ሲሰብር «ጥፋቱን ያውቃል» እንላለን። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ምንም ያላጠፋ ውሻም ጌታው ሲቆጣው ያንኑ ፊት እንደሚያሳይ አስረዱ። የምናየው ንስሐ ሳይሆን ቁጣችንን መፍራቱ ነው። እንግዲህ ጧት ላጠፋው ማታ የሚመታው ሰው ምን ያስተምረዋል? ውሻው የሚማረው የጌታው እጅ ያለ ምክንያት እንደሚመታ ብቻ ነው።

አራተኛው ጤና ነው፤ የሰውም ሕይወት ያለው እዚህ ላይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በ1895 ዓ.ም. መጨረሻ (እ.ኤ.አ. በ1903) በአዲስ አበባ ተነሥቶ እንደ ነበር ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ 18 ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1885፣ ሉዊ ፓስተር በፈረንሳይ አገር ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን በውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ በክትባት አድኖት ነበር። ቢሆንም እስከ ዛሬ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ በሽታው ወደ ሰው የሚሻገረው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ ነው። ከ100 ውሾች 70ው ቢከተቡ የበሽታው መንገድ ይቆረጣል። በባሌ ተራሮችም በሽታው ከመንደር ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ ተሻግሮ፣ በዓለም ላይ ከእኛ አገር በቀር የማይገኘውን ይህን አውሬ እ.ኤ.አ. በ1991ና በ2003 ክፉኛ ፈጅቶታል። ቀበሮው የከፈለው የሰውን ቸልተኝነት ዕዳ ነው።

አንባቢ ሆይ! «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባላል። ተረቱን የምንተርተው ውሻውን ለመውቀስ ነው። ነገር ግን አጥሩን ለምን ቀደደው? ተርቦ፣ ወይም ብቸኝነት በዝቶበት፣ ወይም ዱላ ሸሽቶ ይሆናል። በዚያ ቀዳዳ በሽታ የገባ እንደሆነ ተጠያቂው ውሻው አይደለም። የጠጣበትን ጣሳ ያላጠበለት፣ ለክትባት ያልወሰደው፣ በፍቅር ዐይን ያላየው ጌታ ነው። ውሻ ውሉን ከ14,000 ዓመት ጀምሮ ጠብቋል፤ አሁን ተራው የእኛ ነው።