የዘፋኙ ድምፅና የዘፋኙ እንጀራ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባቱንና የላንጋኖን ሐይቅ ያለፈ መንገደኛ ሻሸመኔ ከመድረሱ በፊት አርሲ ነገሌን ያገኛል። ይህች ከተማ በእህሏም በከብቷም ትታወቃለች፤ ስሟን ወደ ሩቅ የወሰደው ግን በየቤቱ የሚወጣው አረቄ ነው። እናቶች ብቅሉንና ጌሾውን ይጠነስሳሉ፤ ድፍድፉ ሲደርስም ከጢስ ጋር እየታገሉ ያወጡታል፤ ነጋዴው በጀሪካን አስሞልቶ ወደ ሌላ ከተማ ይጭነዋል። የእህሉ፣ የጌሾው፣ የማገዶው፣ የጫኙም ዋጋ አንድ በአንድ ተቈጥሮ ይከፈላል። አረቄው በሚሸጥበት ቤት ከረፋድ እስከ ምሽት የሚሰማው ዘፈን ብቻ ዋጋ የለውም።

እኛም በዚህች ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ስንኖር ይህን ነገር ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው አልፈናል። አንድ ቀን ግን ስለ ዘፋኞች መተዳደሪያ ጨዋታ ተነሥቶ ሳለ የቤቱ እመቤት፣ ከአረቄያቸው አንድ መለኪያ ቢወሰድባቸው ጀሪካኑ እንደሚጐድል፣ ዘፈኑ ግን ሺህ ሰው ቢወስደው ምኑ እንደሚጐድል ጠየቁን። ጥያቄው ቀላል መስሎን ነበር፤ ለመመለስ ስንነሣ ግን የመቶ ዓመት ታሪክ መመርመር ግድ ሆነብን። ከዚህ በታች የምናቀርበው ለእመቤቲቱ በጊዜው ሳንሰጣቸው የቀረነውን መልስ ነው።

በቀድሞ ዘመን ድምፅ ከባለቤቱ ተለይቶ አይሄድም ነበር። በሰሜኑ አገራችን አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ወደ ግብሩ፣ ወደ ሠርጉ፣ ወደ ጠጅ ቤቱም ይገባል፤ አድማጩ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ እርሱም ተቀብሎ ያዜመዋል፤ ደስ የተሰኘው ሰው በግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። ወደ መኳንንት ቤት የተጠጋውም ቀለብና ልብስ ያገኛል። በአርሲና በሌላውም የኦሮሞ ምድር ጌራርሳ የሚያሰማው ሰው በሥራው የታወቀ ጀግና እንጂ ለክፍያ የቆመ ባለሙያ ስላልነበረ፣ ዋጋው ክብሩ ነበረ። መንገዱ ይለያይ እንጂ በሁለቱም ዘንድ ሰሚውና አሰሚው ፊት ለፊት ይተያያሉ። እርግጥ ነው፤ የአዝማሪነት ሙያ ለብዙ ዘመን በንቀት ዓይን ሲታይ ኖሯል። ቢሆንም ሰምቶ እጁን ሳይዘረጋ የወጣ ሰው ንፉግነቱ በሰው ፊት ይታወቅበታል፤ አዝማሪውም ከፈለገ በግጥም ይወጋዋል። ያለ ዳኛና ያለ ጠበቃ ዕዳው ይከፈል የነበረው ስለዚህ ነው።

ይህን ሥርዓት የሚለውጥ ነገር የመጣው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ ለአውቶሞቢል ሙያ ትምህርት ወደ ጀርመን አገር በተላኩ ጊዜ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በበርሊን ከተማ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያዎቹ የሸክላ ቅጂዎች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኢትዮጵያዊ ድምፅ ባለቤቱ በሌለበት አገር፣ ባለቤቱ በማያውቀው ቤት፣ ባለቤቱ ባልሰማው ሰዓት መዘመር ቻለ። ይህ ታላቅ በረከት ነው፤ ነገር ግን አድማጩ ዘፋኙን ማየት ያቆመውም ያን ቀን ነው። ግንባሩ ሩቅ ከሆነ ብሩ በምን ላይ ይለጠፋል?

ለጊዜው መልሱ ደመወዝ ሆነ። በ1927 ዓ.ም. በአቶ መኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ከጠላት ወረራ በኋላም የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ተስፋፉ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ጥላሁን ገሠሠን የመሰሉ ታላላቅ ድምፃውያን የበቀሉት በእነዚህ ቤቶች ነው። ሙዚቀኛው እንደማንኛውም ሹም ወይም ወታደር በወሩ መጨረሻ ደመወዙን ይቀበላል፤ ስለዚህም ከልመና ወጣ። ነገር ግን የሚከፈለው ለአገልግሎቱ እንጂ ለዜማው አልነበረም። ዜማው ከመድረክ ወጥቶ በራዲዮ አገር ሲያዳርስ በደመወዙ ላይ የሚጨመር ነገር አልነበረም፤ ከሥራው የወጣም እንደሆነ ዜማው እዚያው ይቀራል።

በዚያው ዘመን፣ በ1940 ዓ.ም. ገደማ፣ ሸክላ ከውጭ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ለአንድ ቤት ብቻ የተሰጠ መብት ግን የሙዚቃውን ገበያ አላሰፋውም። ከተማው በአዳዲስ ባንዶች ተሞልቶ ሳለ የወጣቶቹን ዜማ በሸክላ የሚያወጣላቸው አልተገኘም። ሙዚቃ ቤት ከፍቶ ይሠራ የነበረው ወጣቱ አቶ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ይህን አጥር ጥሶ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ፤ የመጀመሪያውም ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ሸክላው በአገር ውስጥ የሚታተምበት ፋብሪካ ስላልነበረ መጀመሪያ በህንድ፣ ኋላም በሊባኖስ አገር እየታተመ ይመጣ ነበር። አምሃ ሪከርድስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችንና ወደ 12 የሚጠጉ ትልልቆችን አወጣ። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የአዲስ አበባ ሙዚቃ ከጥፋት የተረፈው በዚህ ድፍረት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ከዚህ አንድ ትምህርት እናገኛለን፤ ይኸውም ሙዚቀኛን ለመጥቀም የወጣ ክልከላ ሙዚቀኛውን አፍኖ ሊያስቀረው እንደሚችል ነው።

ሸክላ በቀላሉ አይቀዳም። ማተሚያው ባሕር ማዶ ስለሆነ የሚቀዳ ሰው ቢኖር እንኳ አቅም አያገኝም። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ግን የሸክላው ዘመን አክትሞ ካሴት ቦታውን ያዘ። ካሴት ርካሽ ነው፤ መቅጃውም በየሰው ቤት ይገባል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ለረጅም ዓመታት የምሽቱን መድረክ ስላዳከመው ሕዝቡ ሙዚቃን የሚያገኘው ይበልጡን በካሴትና በራዲዮ ሆነ። የንግዱም ልማድ ሙዚቃ ቤቱ ለዘፋኙ አንድ ጊዜ ቈርጦ ከፍሎ ካሴቱን መውሰድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ካሴቱ ቢወደድም ባይወደድም የዘፋኙ ድርሻ ያው ነው። ሙዚቃ ቤቱም ቢሆን አዲሱን ካሴት ባወጣ በማግስቱ ሌላው እየቀዳ ሲሸጥበት ኪሳራው ይደርስበታል፤ ኪሳራውን የፈራ አሳታሚ ደግሞ ለሚቀጥለው ዘፋኝ የሚቈርጠውን ገንዘብ ይቀንሳል። አንዱ በሌላው ላይ የጣለው ሸክም በመጨረሻ የሚያርፈው በዘፋኙ ትከሻ ላይ ነው።

እኛም በልጅነታችን ከዚህ ጥፋት ነፃ አልነበርንም። የታተመ ካሴት እንዳይቀዳበት ከአናቱ የተሰበረውን ቀዳዳ በወረቀት እየወተፍን በላዩ ሌላ ዘፈን ስንቀዳ፣ ክሩ ሲላላም በእስክሪፕቶ ስናጠነጥን አድገናል። ለሥራ ከደረስን በኋላ ደግሞ በመናኸሪያ አካባቢ ከሚገኝ አንድ ሱቅ ሚሞሪ ካርዳችንን በጥቂት ብር አስሞልተን እንወጣ ነበር። ባለ ሱቁ የአንድን ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ይገለብጥልናል። የከፈልነውም ለመገልበጡ ነው፤ ለዜማው ባለቤት አምስት ሳንቲም አልደረሰውም። በሥራ ቦታም ፍላሽ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዘዋወር ስለ ሕግ ከሌላው ይልቅ እናውቃለን የምንለው እኛ ነን።

ሕግስ አልነበረምን? ነበረ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቍጥር 1647 ጀምሮ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነት ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ለደራሲው መብት ሲሰጥ፣ ዜማውን በድምፁ ለሚያሰማው ዘፋኝና ለሚቀርጸው አሳታሚ የሚሆን የተለየ መብት አላበጀም፤ የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤትም አልነበረውም። ከ40 ዓመት በላይ ቈይቶ፣ በ1995 ዓ.ም. የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቍጥር 410 ወጣ። ይህ አዋጅ ደራሲውን በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል፤ ለዘፋኙና ለድምፅ ቀራጩም መብት ይሰጣል፤ አውቆ የጣሰውን ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቍጥር 872፣ የመብት ባለቤቶች በማኅበር ተሰባስበው ክፍያቸውን የሚያስከብሩበትን መንገድ አበጀ።

ነገር ግን ቅጣቱ እንዲህ ከብዶ ሳለ ቅጂው አልቆመም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለናል። በመናኸሪያ አጠገብ ፍላሽ የሚገለብጥ ወጣት 10 ዓመት ይታሰር ብሎ የሚፈርድ ዳኛ ለማግኘት ያስቸግራል፤ ዘፋኙም ከከተማ ከተማ እየዞረ ሲከስ ሊኖር አይችልም። ማንም የማይደርስበት መብት ለሙዚቀኛው «ላም አለኝ በሰማይ፤ ወተቷንም አላይ» የተባለውን ሆነበት።

ሌላው ዓለም በዚህ ፈተና ውስጥ እንዴት እንዳለፈ መመልከት ይጠቅማል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1847 ኧርነስት ቡርዤ የተባለ ፈረንሳዊ ደራሲ ከጓደኞቹ ጋር በፓሪስ አንድ መጠጥ ቤት ተቀምጦ ሳለ የራሳቸው ሥራ ሲዘፈን ሰሙ። ሒሳብ ሲጠየቁም፣ ቤቱ ለዘፈናቸው ካልከፈለ እነርሱም ለመጠጡ አንከፍልም አሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ደራሲዎቹም ረቱ። በ1851 ደራሲዎችና አሳታሚዎች በአንድነት የሚሰበስቡበት ማኅበር በፈረንሳይ ተመሠረተ፤ ማኅበሩ እስከ ዛሬ አለ። ያ ማኅበር በየመጠጥ ቤቱ የሚዘፍነውን ሰው አላሳሰረም፤ በዘፈን የሚነግደውን ቤት መጠነኛ ዋጋ አስከፈለ እንጂ። ከመቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ ናፕስተር የተባለው አገልግሎት ሰዎች ዘፈንን በኢንተርኔት በነፃ እንዲለዋወጡ በር በከፈተ ጊዜ አሳታሚዎች ከሰው በ2001 አዘጉት፤ ልውውጡ ግን በሌላ በር ቀጠለ። ሕዝቡ ወደ ሕጋዊው መንገድ መመለስ የጀመረው ዘፈንን በቀላሉና በአነስተኛ ዋጋ የሚያገኝበት ዘዴ ሲዘረጋለት ነው።

አሁን ወደ እመቤቲቱ ጥያቄ እንመለስ። ዘፈን ሲቀዳ አይጐድልም ማለታቸው እውነት ነው። እንዲያውም ቅጂ ባለውለታ የሆነበት ጊዜ አለ። በ1950ዎቹ በድሬዳዋ የተነሣው፣ ዓሊ ቢራም የወጣበት የአፍረን ቀሎ ቡድን በኦሮምኛ ያዜመው ዜማ አሳታሚ ባጣበት ወቅት በቴፕ እየተቀዳ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር። የ1996ቱ አዋጅም ቢሆን አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ ብቻ አንድ ቅጂ ቢያዘጋጅ አይከለክለውም። ስለዚህ በቤቱ የሚያዳምጠውን ሁሉ ሌባ ማለት አይገባም።

የሚጐድለው ዘፈኑ አይደለም፤ የሚጐድለው ዘፋኙ ነው። አረቄው ቢያልቅ እመቤቲቱ ባገኙት ትርፍ እንደገና ይጠነስሳሉ። ዘፋኙ ግን ከመጀመሪያው ሥራው ያላገኘውን ምን ይዞ ሁለተኛውን ይጀምራል? መሣሪያ ተጫዋቹ፣ አቀናባሪው፣ ግጥም ጸሐፊው፣ የስቱዲዮውም ኪራይ ሁሉ ክፍያ ይጠብቃሉ። መድረክ ያገኘ ከመድረክ ይኖራል፤ ድምፁ የደከመ አዛውንት፣ መድረክ ላይ የማይወጣ የዜማ ደራሲ፣ በሞት የተለየውም ሰው ልጆች ከምን ይኑሩ? በወጣትነታቸው ያስደሰቱንን ሰዎች በሽምግልናቸው ለሕክምና ገንዘብ ሲለመንላቸው ስንሰማ እናዝናለን፤ እጃችንንም እንዘረጋለን። ያን ጊዜ የምንሰጠው ምጽዋት ይመስለናል እንጂ ለዓመታት ሳንከፍለው የቈየን ዕዳ ነው።

ከሙያው ሰዎች መካከል ይህን የተረዱ ነበሩ። ሙዚቀኛውና አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ከባልደረቦቹ ጋር አውታር የተባለውን ዘፈን በስልክ የሚሸጥበትን መተግበሪያ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ አቀረበ፤ እርሱ ራሱ ግን በመስከረም 2012 ዓ.ም. በሞት ተለየን። ሐሳቡ ቀላልና ትክክለኛ ነበር፤ ስልኩ ከእያንዳንዱ ሰው ኪስ ውስጥ ካለ ዋጋውም በዚያው በስልክ ይከፈል የሚል ነው። አድማጩንና ዘፋኙን እንደገና ፊት ለፊት ለማገናኘት የተደረገ ሙከራ ነው ማለት ይቻላል።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞችና መምህራን ግን መተግበሪያ እስኪሠራልን መጠበቅ አይኖርብንም። በዘፈን የሚነግደው ራዲዮ ጣቢያ፣ ሆቴል፣ አውቶቡስና መጠጥ ቤት ከዓመታዊ ወጪው ጋር አንዲት መጠነኛ ክፍያ ለባለመብቶች ማኅበር ቢቈጥር፣ ማኅበሩም የተሰበሰበውን በግልጽ ሒሳብ ቢያከፋፍል፣ ወጣቱን ከማሰር ይልቅ ዘፋኙን መመገብ ይቻላል። በየወረዳው የንግድ ፈቃድ የሚያድስ ሹም ይህን ለነጋዴው ማስረዳት አያቅተውም፤ በክፍል ውስጥ የሚያስተምር መምህርም ሰውን በሠራው ማክበር ማለት ምን እንደሆነ በዚህ ምሳሌ ማሳየት ይችላል። በመሥሪያ ቤታችን ፍላሽ ማዘዋወሩንም ዛሬውኑ ልንተው እንችላለን።

በቅርቡ ወደዚያው ቤት ተመልሰን የፓሪሱን ታሪክ ለእመቤቲቱ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ ለዓመቱ ስንት ያህል ቢከፍሉ ተገቢ እንደሚሆንና ገንዘቡን ለማን መስጠት እንዳለባቸው ጠየቁን። እርሳቸው ለመክፈል ፈቃደኛ ናቸው። የሚከፍሉበትን መስኮት የመክፈት ተራው የእኛ ነው።